ሲባጎው ምን አጠፋ?

አሮጌ የድቡልቡል ቤል ማሽን (ገለባ ጠቅልሎ በሲባጎ የሚያስር፣ ቤለር የሚሉት፣ ጥቅልሉ ራሱ ቤል ይባላል) የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሲባጎው ጋር ነው። ሲባጎው አልያዘም፣ ሲባጎው ተበጠሰ፣ ሲባጎው ከጎን ተንሸራቶ ወረደ፣ ሲባጎው ሮለር ላይ ተጠምጥሞ ቀረ… ከዛ ሲባጎ ይቀየራል፣ ሞላው ይጠብቃል፣ እንደገና ይላላል፣ ቢላው ይሳላል፣ ይሄ ሁሉ አልሆን ሲል "የሸጠልን ሰውዬ ጉድ ሠራን" ይባላል። አጎቴ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተጋርቶ የገዛው ቤለር ላይም የሆነው ይሄው ነው። እኔ የእንግሊዝኛ ማኑዋል የማንበብና ዕቃ የማፈላለግ ሥራ ስለተሰጠኝ ከአዲስ አበባ እየተመላለስኩ ነገሩ ውስጥ ገባሁበት፣ አሁን ላይ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፣ የቤሉ ቅርፅ ሳይስተካከል ሲባጎ ማሰሪያውን መነካካት ጉልበት ማባከን ነው። ለምን እንደዛ እንዳልኩ ላስረዳ።

ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ነው፣ እነዋሪ አካባቢ። ለማታውቁት ዋልካ መሬት ነው፣ ጥቁር፣ ክረምት ላይ እግር የሚውጥ፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ። ገበሬው ከድሮ ጀምሮ ውሃውን ለማንጣፈፍ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ በእጁ ያወጣል፣ ቤተሰብ በሙሉ ወጥቶ ነው የሚሠራው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ በኋላ እመለስበታለሁ። ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ይመጣል። በበሬ ሲወቃ ጭዱ ደቆ ለስልሶ ነበር የሚወጣው፣ ኮምባይነሩ ግን ገለባውን ረዘም እንዳለ በረድፍ ጥሎት ይሄዳል፣ ገሚሱን ንፋስ ይወስደዋል ገሚሱን ከብት ይረግጠዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ደሞ የወተት ላም ያለው ሰው በጋው ሲገፋ መኖ ፍለጋ ይንከራተታል። እና ይሄን ረድፍ ላይ የቀረ ገለባ ጠቅልሎ መሸጥ ነው ሐሳቡ፣ ሐሳቡ ምንም አይወጣለትም።

ማሽኑ ሲሠራ ለማየት ደስ ይላል። ከፊት ያለው ለቃሚ በጥርሶቹ ገለባውን ከመሬት አንስቶ ወደ ሆዱ ይሰጣል፣ ሆዱ ውስጥ ገለባው እየተሽከረከረ ይጠቀለላል፣ ሲሞላ ሲባጎ ይዞርበታል፣ የኋላ በሩ ይከፈትና ቤሉ ዱብ ይላል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሆዱ መጠኑ የማይለወጥ ነው፣ በሮለር ወይም በሰንሰለት የሚሠራ፣ ገለባው ሆዱን እስኪሞላ ድረስ ልቅ ሆኖ ይንከባለላል፣ ስለዚህ መሃሉ ለስላሳ ውጪው ጠንካራ ይሆናል። ሁለተኛው ሰፋፊ ቺንጋዎች አሉት፣ ቤሉ እያደገ ሲሄድ ቺንጋዎቹ በሃይድሮሊክ ተወጥረው እየጨመቁት አብረው ይሰፋሉ፣ ከመሃሉ ጀምሮ ጠንካራ ይወጣል። የኛው ሁለተኛው ነው፣ ስድስት ቺንጋ ያለው።

ሲባጎውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አራት ማዕዘን ቤል የሚያስረው ማሽን ቋጠሮ ይቋጥራል፣ ድቡልቡሉ ግን ምንም አይቋጥርም። እንደ ቄስ ጥምጥም ነው፣ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው በራሱ ጥብቀት ይያዛል። የሲባጎው ጫፍ ከሚገባው ገለባ ጋር ተይዞ ይገባል፣ ቤሉ ሲዞር ሲባጎውን ራሱ ይስባል፣ ሲባጎውን የሚመራው ክንድ ደሞ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ቢላዋ ይቆርጠዋል፣ በቃ። ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ ሉበን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1910 የድቡልቡል ቤለር ፓተንት አውጥቷል፣ አሊስ ቻልመርስ በ1947 በትንንሽ ቤል መልክ ገበያ ላይ አዋለው፣ ትልቁን ዓይነት ደሞ አዮዋ ያለው ቨርሚር በ1971 አመጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲባጎው አልተቋጠረም። ስለዚህ ጥብቀቱን የሚሰጠው ቤሉ ነው ማለት ነው፣ ቤሉ ላላ ካለ ወይ ዘመም ካለ ሲባጎው የሚይዘው ነገር የለውም።

ወደኛ ጉዳይ። የኛ ቤል ሲወጣ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩት ግራው ያንሳል፣ ቀኙ ይበልጣል፣ ሾጠጥ ያለ። ሲባጎው ሁልጊዜ የሚወርደው በግራ በኩል ነው፣ አንዳንዴ እዛው ሲዱብ፣ አንዳንዴ ደሞ ሰው እየገፋ ወደ አይሱዙው ሲወስደው። አጎቴ ሲባጎው ቀጭን ነው አለ። ኦፕሬተሩ (ልጅ ነው ግን እጁ ጥሩ ነው) "ጋሼ ክንዱ ነው፣ ግራ ጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ ቀድሞ እንዲመለስ እናድርገው" አለ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዙር ከቤሉ ጠርዝ ቢያንስ አንድ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ካልሆነ ትከሻው ላይ ይንሸራተታል። ማቆሚያውን አስተካከሉት፣ ለጥቂት ቤል ይዞ ቆየ፣ ከዛ ያው። የተስተካከለው ክንድ ነው እንጂ የዘመመው ቤል ዘመሙን አልተወም።

ከደብረ ብርሃን የመጣው መካኒክ ያደረገው ነገር ደስ ስላለኝ በዝርዝር ልጻፈው። ሲባጎውን አላየውም። ሲባጎ ሳጥኑን እንኳን አልከፈተም። የወደቁትን ቤሎች ዞረና በጫማው እየነካካ ጎናቸውን አየ፣ ከዛ "ሁሉም በአንድ በኩል ነው አይደል?" አለ። አዎ ተባለ። "እንግዲያው ነጂው አይደለም። ነጂ ቢሆን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነበር የሚሆነው።" ትራክተሩን አጥፉ አለ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ ነው ያለው፣ የሲሊንደሩን መቆለፊያ ዘጋ፣ ከዛ "ጋሼ ይምጡ ይመልከቱ" ብሎ አጎቴን ጠራው። በሩ ሲከፈት ቺንጋዎቹ ይላላሉ፣ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። አምስቱ ተንጠልጥለዋል። ከግራ ጫፍ ያለው ግን ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ሊወጠር ምንም አልቀረውም።

የቀድሞው ባለቤት ቺንጋው ሲቀደድበት የተቀደደውን ቆርጦ ጥሎ ጫፍና ጫፉን በብረት ጥርስ መልሶ አገናኝቶታል። ስንዝር የሚሞላ ነገር አጥሯል። ሌሎቹን አልነካም። አሁን ይሄ ምን እንደሚያደርግ አስቡት፣ እኔ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝና የደነቀኝ። እነዚህ ማሽኖች ከፊት ለነጂው የሚታይ የቅርፅ ጠቋሚ ነበራቸው፣ የግራና የቀኝ ቺንጋን ውጥረት ነው የሚያሳዩት፣ የኛው ሽቦው ተበጥሷል፣ ስለዚህ ኦፕሬተሩ ዞር እያለ ቺንጋዎቹን በዓይኑ ነበር የሚያየው። ደንቡ ቀላል ነው፣ ቺንጋው የላላበት በኩል ገለባ ያንሰዋል ማለት ነው፣ ወደዛ በኩል ትመግባለህ። አጭሩ ቺንጋ ግን ገለባ ቢኖርም ባይኖርም ውጥር ነው። ልጁ ዞር ሲል ግራው ተወጥሮ ያያል፣ ግራው ሞልቷል ይላል፣ መሪውን አስተካክሎ ቀኙን ይመግባል። ጎበዝ በሆነ ቁጥር፣ ዞር ብሎ ባየ ቁጥር፣ ቤሉን የበለጠ ያዘመዋል። ዝም ብሎ የሚነዳ ሰነፍ ቢሆን ቤሉ ይሻል ነበር እኮ።

መፍትሔው አጭሯን ስንዝር መቀጠል ብቻ ይመስላል፣ ግን አይሆንም። ስንዝር የምታክል ቁራጭ ከሁለት በኩል የብረት ጥርስ ተደርጎባት ሮለር ላይ መታጠፍ አትችልም፣ ትበጠሳለች። ስለዚህ ከራሱ ከቺንጋውም ተጨማሪ ተቆርጦ ወጣና ረዘም ያለ ቁራጭ ገባበት። ቁራጩን ፍለጋ የኔ ሥራ ነበር፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያልገባሁበት የለም፣ ወፍራም ላስቲክ ሞልቷል፣ ውፍረቱ ከሌሎቹ ጋር የሚመሳሰል ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ወፍሮ ከተገጠመ ደሞ ያው መልሶ አጭር እንደመሆን ነው። የቺንጋውን ጫፍ ስትቆርጡ በማዕዘን መለኪያ ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ትንሽ ከዘመመ ቺንጋው ወደ አንድ ጎን እየሄደ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። የጠርዙን ማዕዘን ደሞ ትንሽ ሸረፍ ማድረግ ነው፣ ያለዛ እዛች ጋ ይጀምርና ይተረተራል። ይሄን ሁሉ መካኒኩ ነው የነገረኝ፣ ማኑዋሉ ላይም አለ፣ ግን ማኑዋሉ ላይ ሳነበው አልፌው ነበር የሄድኩት፣ የሰው እጅ ሲሠራው ማየት ሌላ ነው።

ቺንጋው ከተስተካከለ በኋላ የነጂው ነገር መጣ። ነጂ ሲያበላሽ ሌላ መልክ አለው። ረድፉ ከለቃሚው ጠበብ ያለ ከሆነና መሃል መሃሉን ብቻ ከነዳችሁ ቤሉ በርሜል ይሆናል፣ ሆዱ ይወጣል ጎኑ ይሳሳል፣ ሲባጎው በሁለቱም በኩል ይወርዳል። ጎን ጎኑን ብቻ ከመገባችሁ ወገቡ ይገባል። ብዙ ሰው መፍትሔው እባብ እንደሚሄድ መጠማዘዝ ይመስለዋል፣ እንደዛ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ናችሁ፣ ያው በርሜል ነው። የሚሠራው ረድፉን በለቃሚው ግራ ጫፍ በኩል ይዞ ትንሽ መሄድ፣ ከዛ ቶሎ ብሎ ወደ ቀኝ ጫፍ መሻገር፣ እዛም ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቶሎ መመለስ። መሻገሩ ፈጣን፣ መቆየቱ ረዘም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ረድፉ ራሱ የሆዱን ስፋት ያህል እንዲሆን ማድረግ ነው፣ ይሄ ከኮምባይነሩ ነጂ ጋር መስማማት ይጠይቃል፣ የኮምባይነር ነጂ ደሞ መኸር ላይ ንጉሥ ነው ማንንም አይሰማም።

እና ያ መደብና ቦይ። ቤለሩ አንዱ ጎማው ቦይ ውስጥ ሲገባ ለቃሚው ይዘማል፣ በአንድ በኩል ጥርሶቹ አፈር ይቧጥጣሉ በሌላው ገለባውን ይስታሉ። ጥርስ ይሰበራል። የተሰበሩት ጥርሶች አንድ አካባቢ ከሆኑ እዛ ጋ የሚገባው ገለባ ይቀንሳል፣ እንደገና ቅርፅ። በዛ ላይ ዋልካው አቧራው መጥፎ ነው፣ ከገለባው ጋር ከገባ ላሟም አትወደውም። ከተቻለ በመደቡ አቅጣጫ እንጂ አቋርጦ አለመንዳት፣ ለቃሚውን ደሞ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ መሬት ላይ የሚቀረው ቢቀር።

ቅርፁ ሲስተካከል የሲባጎው ችግር አብዛኛው በራሱ ጠፋ፣ ሁሉም ግን አልጠፋም፣ የቀሩት እውነተኛ የሲባጎ ችግሮች ናቸው። አንዱ አለመያዝ ነው። ክንዱ ሲባጎውን ያቀርባል ግን ጫፉ ከገለባው ጋር አይገባም። ቤሉ ሞላ ተብሎ ትራክተሩ ወዲያው ከቆመ ጫፉን ይዞ የሚገባ ገለባ የለም፣ ስለዚህ ሲባጎው እስኪያዝ ድረስ ቀስ እያሉ ትንሽ ገለባ መመገብ ያስፈልጋል፣ ሲባጎው መሳብ ሲጀምር ነው የሚቆመው። ሁለተኛ ከቢላው በኋላ ተርፎ የተንጠለጠለው ጫፍ ካጠረ አይያዝም፣ የኛ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ደሞ አጭሩን ጫፍ ወደ ላይ ያነሳዋል። የሚያጥርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቢላው መደንዘዙ ነው፣ ደነዝ ቢላ አይቆርጥም፣ ያኝካል፣ ሲባጎው ይጎተትና ሌላ ቦታ ይበጠሳል። ቢላችንን አንድ ብረት ሠሪ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ሠራው፣ ከኦሪጅናሉ አይተናነስም።

ሞላው ላይ ብዙ አልልም። ሲባጎው በሞላ በተጫኑ ሁለት ላሜራዎች መሃል ያልፋል፣ ከጠበቀ ጫፉ ወደኋላ ይሳባል ወይ ይበጠሳል፣ ከላላ ዙሩ ይላላል። በእጃችሁ ስትስቡት ሞገት ማለት አለበት ግን መምጣት አለበት። ሁለት ድቡልቡል ሲባጎ ስትቀጥሉ የመጀመሪያውን የውጭ ጫፍ ከሁለተኛው የውስጥ ጫፍ ጋር ነው፣ ሲባጎ ከውስጥ ነው የሚሳበው፣ ቋጠሮውም ትንሽ ሆኖ ትርፉ ተቆርጦ፣ ቱቦው ውስጥ እንዳይሰነቀር። ገበያ ላይ ለጆንያ አፍ ማሰሪያ የሚሸጠው የቃጫ ሲባጎ አንድ ቦታ ወፍራም አንድ ቦታ ክር ነው፣ ለዚህ አይሆንም፣ አጎቴ እዚህ ላይ እውነቱን ነበር። የፕላስቲኩ ጠንካራ ነው ግን ደረቅ የስንዴ ገለባ ላይ ይንሸራተታል፣ ደሞ ላሟ ከዋጠችው አይፈጭላትም፣ ሆዷ ውስጥ እየተጠላለፈ ይከማቻል። ቃጫው ቢያንስ በስብሶ ይጠፋል። የሚገዙን ሰዎች ሲባጎውን ሳይቆርጡና ሳያወጡ ቤሉን እንዳለ ፊቷ እንዳይጥሉ በየጊዜው እንነግራቸዋለን።

የብርዱን ነገር ማንም ማኑዋል እንደኛ ሀገር አልጻፈውም። የኛ ማሽን ክንድ በሃይድሮሊክ ነው የሚሄደው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ክንዱ ይጎተታል፣ ሲባጎው ጥቅጥቅ ብሎ ይዞራል፣ ሲባጎ ያልቃል። ኦፕሬተሩ ቫልቯን ከፈት ያደርጋል። እኩለ ቀን ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ክንዱ ይሮጣል፣ ዙሩ ይራራቃል፣ ቤሉ ይፈታል። ከዛ ይዘጋታል። እንዲህ ስትከፈትና ስትዘጋ ነው የምትውለው። አሁን የሚደረገው ማሽኑን ባዶውን ትንሽ አሠርቶ ዘይቱ ሞቅ ሲል አንዴ ማስተካከልና መተው ነው።

ገለባው ደሞ በተቃራኒው ነው። ጠዋት ጤዛ ስላለ ለስለስ ይላል፣ ይያያዛል፣ ቤሉ ቆንጆ ይሆናል። ቀትር ላይ ይደርቅና ይሰባበራል፣ ይንሸራተታል፣ ሆዱ ውስጥ መዞር ያቆማል። ቤሉ ሳይዞር ክንዱ ከሄደ ሲባጎው አንድ ቦታ ተከምሮ ሌላው ባዶ ይቀራል፣ ይሄም "የሲባጎ ችግር" ይባላል። እንደዛ ሲሆን የፒቲኦውን (ከትራክተሩ ኃይል ወደ ማሽኑ የሚያስተላልፈውን ዘንግ) ዙር ትንሽ ቀንሶ ወደፊት ፈጠን ብሎ መሄድ ይረዳል፣ ገለባው በብዛት ስለሚገባ አይፈጭም። ጤዛው በጣም ከበዛም ግን ሻጋታ ነው፣ ድርቆሽ ከሆነ እርጥበቱ ከ18 በመቶ ገደማ ካለፈ መጠቅለል የለበትም፣ ውስጡ ይሞቃል። ውርጩ ቀልጦ ፀሐይ ትንሽ ከመታው በኋላ እስከ ረፋድ፣ እንደገና ደሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ምርጡ ሰዓት እሱ ነው። ከፍታውም አለ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል ይባላል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ወረቀቱ ላይ ነው የሚቀረው፣ ቤሉ ሊሞላ ሲል ትራክተሩ ያቃስታል።

አንድ ነገር በቁም ነገር። ሲባጎ አልያዝ ሲል ሰው እጁን ይሰዳል፣ ወይ በእንጨት ገፋ ሊያደርገው ይሞክራል። አጎቴም እንጨት አንስቶ ነበር፣ መካኒኩ ጮኸበት። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ዙር ነው፣ በሰከንድ 9 ማለት ነው፣ ለቃሚው የያዘውን እንጨት እጅ ሳይለቀው እጅን ይዞ ይገባል። ሞተር ሳይጠፋ፣ ቁልፍ ሳይነቀል ማንም አይጠጋም፣ የኋላው በር ተከፍቶ ሳይቆለፍም ማንም ከስሩ አይገባም።

ቤሉ የት እንደሚጣልም ማሰብ ያስፈልጋል። ጅሩ ሜዳ ነው ግን ሜዳው ያልቃል፣ ጫፉ ላይ የጀማ ገደል ነው። ተዳፋት ላይ ወደ ታች ፊቱን አድርጎ የተጣለ ቤል ይንከባለላል፣ ማንም አያቆመውም፣ ከታች ከብት ጠባቂ ልጆች ይኖራሉ። አግድም አዙሮ ነው መጣል።

ሁልጊዜ የምጠየቀው "ለምን ኔት አታስገጥሙም" የሚል ነው፣ ኔት ማለት በሲባጎ ፈንታ ቤሉን የሚጠቀልል ሰፊ መረብ ነው። ኔት እርግጥ ፈጣን ነው፣ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል፣ ሲባጎ ቤሉን ብዙ ጊዜ ማዞር ይፈልጋል፣ በዛ ሁሉ ዙር ደረቅ ገለባ ይረግፋል። ግን የኛ ማሽን የኔት መግጠሚያ የለውም፣ ቢኖረውም ኔቱን ከየት እናመጣለን፣ ከላሟ አፍ ለማውጣትም ከሲባጎ የባሰ ነው። በዛ ላይ ሾጣጣ ቤል በኔትም ቢጠቀለል ሾጣጣ ነው፣ አይሱዙ ላይ አይደረደርም፣ ገዢው ከሩቅ አይቶት ዋጋ ይሰብራል። ለጊዜው ገንዘብ ከተገኘ ቅድሚያ የሚሰጠው የተበጠሰው የቅርፅ ጠቋሚ ሽቦ ነው፣ ቀጥሎ የለቃሚው ጥርሶች፣ ከዛ በግራ በኩል መጮህ የጀመረች አንዲት ኩሽኔታ አለች፣ እሷን ከመኸር በፊት መቀየር ግድ ነው፣ ደረቅ ገለባ መሃል የጋለ ኩሽኔታ እሳት ነው።